«ከነዘሯ» ያልተባለላት በግ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ዝተት ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጎረቤቶቼ ባዩት ቁጥር ይስቃሉ። ሰው የለበሳትን ስስ ነጠላ እንኳ አውልቆ መጣል በሚያምረው ሙቀት ውስጥ፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ፣ ትከሻ የሚያጎብጥ ብርድ ልብስ በሣጥን አጣጥፎ ማኖር ለእነሱ እብደት ነው። ባለፈው ግንቦት ዝናብ ሲገባ ጣራዬ አፈሰሰና ውሃው ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ዝተቱን አውጥቼ አጥሩ ላይ ሰጣሁት። የራሰ የበግ ጸጉር ሽታ ለማያውቀው ይከረፋል፤ ለሚያውቀው ግን እጅ ይዞ ይወስዳል። እኔን ወደ ጊሼ፣ ወደ አባቴ በረት ደጃፍ ወሰደኝ። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ የተዳረች ዕለት በጥር ያልታሰበ ካፊያ ጥሎ፣ በጎቹ ሁሉ ርሰው ልክ እንዲህ ይሸቱ ነበር። ዝተቱ ገና ሳይደርቅ፣ በዚያው ሳምንት፣ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ከጊሼዋ ከተማ ከራቤል ደወለ።

«እትዬ፣ ልጅቷ ጉድ አመጣችብኝ!»

«የትኛዋ?»

«ወይንሸት ናታ! ሰርጓ ደርሶ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ‹ከመጋባታችን በፊት ውል እንጻፍ› ትላለች። ንብረት ልትለይ! የሙሽራው አጎት ‹ሟርት ነው› ብለው ተቆጥተዋል። እኔም አልፈርምልሽም ብያታለሁ። ከሴት ወገን ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አሉ፤ ያለቻት አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ናት፣ ሌላ ሰው እሺ አላላትም። አንቺ በቁርባን የኖርሽ ሰው ነሽ፣ ታፍርሻለች። ነይና ምከሪልኝ።»

«መጣሁ» አልኩት። ምን ብዬ እንደምመክራት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ወይንሸት የሙሉጌታ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስታገለግል ኖራ፣ ስትመለስ ራቤል ላይ ወፍጮ ተከለች። ወፍጮው የእሷ ላብ ነው፤ ይህን አባቷም አይክደውም። ግን ላቧን «ላቤ ነው» ብላ ስትጽፍ አገር ይቆጣል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ መንገዱን ሁሉ የበላችኝ ያቺ የሙሉጌታ ቃል ናት፤ ሟርት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ይህችን ቃል የፈጠራት ወንድ ሳይሆን አይቀርም። ሴት ልጅ «የኔስ የቱ ነው?» ብላ ስትጠይቅ አፏን የሚዘጉባት ኩበት ናት። ወንዱ መሬቱን በአባቱ ስም፣ በሬውን በራሱ ስም፣ ዳኝነቱን በወዳጆቹ ስም ይዞ ሲመጣ ሟርት አይባልም። እሱ ደንብ ነው።

እታለም ጥሩወርቅ ስትዳር እኔ ጡቴ እንኳ አላጎጠጎጠም ነበር። በማን ዘመን እንደሆነ ዛሬ ጠይቁኝ ብትሉኝ አልነግራችሁም፤ የሙክት በግ ዋጋ ግን እነግራችኋለሁ። ስምንት ብር። አሥር ብር ያወጣ ሙክት ገበያተኛው ዞሮ የሚያየው ነበር። አቡጀዲ በክንድ ስሙኒ ነበር፤ እናቴ ለእህቴ ቀሚስ ስታሰፋ የተረፈችውን ቁራጭ ለእኔ መቀነት አድርጋልኛለች፣ ያን መቀነት ታጥቄ ንግሥት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወንዶቹ ጥቁር በርኖስ ይደርባሉ፤ እግራቸው ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ። ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ የሙሽራው ዘመድ ብቻ የቆዳ ጫማ አድርጎ ነበርና፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ጭቃ እንዳይነካው ጥግ ይዞ እንደ ድመት እግሩን ሲያነሣ ሲጥል ዋለ። ሴቶቹ አይተው ግጥም አወጡለት። ከበሮው የእኛ ነበር፤ ቆዳው በካፊያው ረጥቦ ድምፁ ሲላላ እሳት ዳር ወስደው ያሞቁታል፣ ደግሞ ይመታሉ። ዛሬ ራቤል ላይ ሰርግ ሲሆን አንድ ሱቅ ከሚያክል ድምፅ ማጉያ ዘፈን ይለቀቃል፤ ሰው የሚጨፍረው ስልኩን እያየ ነው። ያኔ የተሻለ ነበር አልልም። ደረቅ ከበሮም እርጥብ ከበሮም እያጀበ እህቴን ወስዶ ለማን እንደሰጣት አይቻለሁና።

ሙሽራው ደጀኔ ይባላል። የጌራ ሰው ነው፣ ከጓሳ ሣር ዳር። ጓሳን ለማያውቅ፦ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሣሩ ቤት የሚከደንበት፣ በግ የሚጠግብበት፣ ግን በዘር የተያዘ ነው። የዚያ አባት ልጅ ያልሆነ ማጭድ አያነሣበትም፣ በግ አያሰማራበትም። ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ለባለመብቱ ይከፈታል። አባቴ ልጁን ለጓሳ ሰው መዳሩ ኩራቱ ነበር፤ «በጓ ሣር አታጣም» ይል ነበር። በሰርጉ ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሁለቱም ወገን ለልጆቹ መቋቋሚያ የሚሰጠውን ሲናገር፣ አባቴ አንዲት ጥቁር እናት በግ አስጎትቶ አቆመ። የእርግዝናዋ ምልክት ገና አይታይም። እኔ አባቴ ጀርባ ቆሜ ገመዱን ይዤ ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ።

«ይህችን በግ ለልጄ ለጥሩወርቅ ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ፣ «ከነ...»

አያ ገብሬ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ከጎኑ ነበሩ። ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። «ከነ ምን ልትል ነው?»

«ከነዘሯ። የምትወልደውም የልጄ ይሁን ብዬ ነዋ።»

«ልጅህን ልትድር ነው ልታፋታ የተቀመጥከው?» አሉ አያ ገብሬ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ገና ሳይጋቡ ግልገል ልትከፍል? ምነው ሟርት አደረግኸው! ተው፣ ይበቃል፣ ይመረቅ።»

አባቴ ቃል የሚፈራ ሰው ነበር። ዝም አለ። አያ ገብሬም ቆመው «የተባረከ ይሁን፣ ርቡ፣ ተባዙ» ብለው መረቁ፤ ሁላችንም «አሜን» አልን። ምርቃቱ ደረሰ። እሱ ነው ክፋቱ። ያቺ በግ በሄደችበት ዓመት ወለደች፣ በሚቀጥለውም መንታ ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ። ለዓመት በዓል እህቴን ለማየት ስሄድ፣ ኮረብታው ላይ ጥቁር ነጥቦቹን ከሩቅ አይቼ የእህቴ ቤት መድረሴን አውቅ ነበር። እታለም ጸጉራቸውን ትሸልታለች፣ ታጥባለች፣ ትፈትላለች፤ ከጣቷ ላይ የበግ ቅባት አይጠፋም። ይህ ጋምቤላ ያለው ዝተት የሷ ፈትል ነው። ቤቷ ሞላ፣ ቆርቆሮ ሊያለብሱት ሐሳብ ነበራቸው፣ ደጀኔ ትራንዚስተር ራዲዮ ገዛ። የራዲዮውን የባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ከበጎቹ ጸጉር ነበር፤ ዜና ሲሰማ ግን እሷ አጠገቡ እንድታወራ አይፈልግም።

ከዚያ ራዲዮው ያልበቃው ደጀኔ ከመሐል ሜዳ ገበያ ሌላ ሴት አማረችው። ጊዜው ተለዋውጦ ነበር፣ ሹሙ ሌላ፣ ማኅተሙ ሌላ፤ ትዳር ሲፈርስ ግን አሁንም የሚቀመጡት እነዚያው ሽማግሌዎች ነበሩ። ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጡ። አባቴ ሸምግሎ በምርኩዝ መጥቷል። እታለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ በጎቼን።

«በጊቱን አምጥታለች፣ አልካድኩም» አለ ደጀኔ። «በጊቱ ግን አርጅታ ሞታለች። ቆዳዋ ጓዳ አለ፣ ትውሰድ።»

ሰው ሳቀ። አዎ፣ ሳቁ! የሳቁትን ሰዎች ስም እስከ ዛሬ አውቃለሁ።

«ልጆቿስ?» አለ አባቴ።

«ልጆቿ የበሉት የጓሳን ሣር ነው። ጓሳ የአባቶቼ ነው፤ የጊሼ ሴት በጓሳ ምን ድርሻ አላት? ደግሞስ ሲሰጣት ‹ከነዘሯ› ተብሏል? ማን ሰማ? አያ ገብሬ፣ እርስዎ ነበሩ። ተብሏል?»

አያ ገብሬ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። «አልተባለም» አሉ።

እውነት ተናገሩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እውነት ያስጠላኝ ጊዜ የለም። ቃሏን አፍ ላይ የገደሏት እሳቸው፣ ቃሏ አለመወለዷን የመሰከሩትም እሳቸው። አባቴ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸውና አንገቱን ደፋ። እታለም የፈተለችውን ዝተት ተሸክማ፣ ከእኛ ጋር በእግሯ ጊሼ ገባች። ሌላ ባል አላገባችም። ጥጥ ስታባዝት፣ ገብስ ስታበራይ፣ የራሷን ግጥም ታንጎራጉር ነበር፦

አባቴ በግ ሰጠኝ፣ እናቲቱን ብቻ፤
ልጇ የማን ትሁን፣ ሲፈርስ ጋብቻ።

ሰው ሲሰማት ልጅ ባለመውለዷ የምታዝን ይመስለው ነበር። እሷ የምትለው በጓን ነው። ደጀኔም እሷም ዛሬ የሉም። በጸሎቴ የሁለቱንም ስም እጠራለሁ፤ የሱን ጥርሴን ነክሼ ነው የምጠራው፤ አምላክ ይህን ያውቃል፣ ንስሐ አባቴም ያውቁታል።

ራቤል የደረስኩት ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይበተን ነው። የያኔው የሙክት ዋጋ ዛሬ አንድ ሻይ በዳቦ አይገዛም፤ በጉ እንደሆነ በሺዎች ነው የሚጠራው፣ ሻጩም ዋጋውን በስልክ ደብረ ብርሃን ጠይቆ ነው የሚነግርሽ። ቀጥታ ወደ ወፍጮው ሄድኩ። ወይንሸት ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች የአንዲት ሴትዮ ገብስ ትፈጫለች። ስታየኝ ሞተሩን አጠፋች። ጉልበቴን ስማ ስትነሣ ቀሚሴ ላይ የፊቷ ዱቄት ቀረ።

«አክስቴ፣ አንቺም ልትቆጪኝ ነው የመጣሽው?»

«መጀመሪያ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

ከኪሷ አውጥታ አነበበችልኝ። አጭር ነው። ወፍጮ ቤቱ ከነገቢው፣ በገቢው ወደፊት ከሚገዛውም ጋር፣ የወይንሸት የግል ሀብት ነው፤ ተጋብተው አብረው የሚሠሩት ቤትና የሚያፈሩት ሌላው ንብረት የሁለቱ ነው።

«‹ከነገቢው› የምትለዋን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማን ያስተምረኛል? ወፍጮ ያረጃል እኮ አክስቴ። ድንጋዩ ያልቃል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ሌላ የምተክለው በገቢው ነው። አሮጌው የኔ ነበር፣ አዲሱስ የማን ሊባል ነው?»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ስለ እታለም በግ ማንም አልነገራትም፤ አባቷ ያን ጊዜ ጨቅላ ነበር፣ እኛም በቤታችን አናወራውም ነበር። ከራሷ አውጥታ ነው። ይህችን ልጅ ነው ምከሪ ተብዬ ከጋምቤላ የመጣሁት!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሜ ቤት ተሰበሰብን። ከሙሽራው ወገን አጎትየው አቶ ተክሌ ከምስክሮቻቸው ጋር መጥተዋል፤ ማመልከቻ የሚጽፈውም ሰውዬ ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አቶ ተክሌ ነጭ በነጭ ለብሰው ሽቶ ተቀብተው ነበር። ሙሽራው አሸናፊ የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ መልከ መልካም፣ ግን አጎቱን ሳያይ እንኳ የማይቀመጥ ልጅ። ለሽምግልና ሲመጡ «ባለመኪና ነው» ብለው ነበር ልጅቷን የጠየቁት።

«ወይዘሮ አስካለ» አሉኝ አቶ ተክሌ፣ «እርስዎ በሥጋ ወደሙ የኖሩ ሰው ነዎት። ባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውል አስፈርመውዎት ነበር?»

«አላስፈረሙኝም። ስንጋባ ከአንድ ዣንጥላ በቀር የምንጽፈው አልነበረንም። ዣንጥላውም የውሰት ነበር።»

ሳቁ። አቶ ተክሌም ሳቁ፤ ከእሳቸው ወገን የቆምኩ መሰላቸው። «ይኸው! ትዳር ማለት ይህ ነው። አንድ ሥጋ ይሆናሉ እየተባለ ሥጋውን ገና ሳይገጥም በቢላ? ለማንኛውም እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም። ለሰላም ስንል ወፍጮዋ የሷ ትሁን፣ ይጻፍ። ‹ከነገቢው› የምትለዋ ብቻ ትውጣ። የቤት ገቢ ለቤት ነው። አንዲት ቃል ናት እኮ!»

«ይኸው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ወንድሜ ወደ ልጁ ዞሮ። ወይንሸት እኔን አየችኝ። ጓደኛዋ ፈርማለች፤ ከእሷ ስም ሥር ያለው መስመር ባዶ ነው። እኔ ካልፈረምኩ ውሉ ውል አይሆንም፣ ሰርጉም በቃል ብቻ ያልፋል።

«አንዲት ቃል ከሆነች ምነው ይህን ያህል አስጨነቀችዎት?» አልኳቸው። «ትቀመጥ።»

የአቶ ተክሌ ፊት ተለወጠ። «ሴትዮ! ሟርትዎን ከጋምቤላ ድረስ ተሸክመው መጡ?»

«የመጣሁት ባዶ እጄን ነው አቶ ተክሌ። ሟርቱ እዚሁ ከእናንተው ጋር ኖሮ ነው የጠበቀኝ።»

«እትዬ!» አለ ወንድሜ። «ለዚህ ነው የጠራሁሽ?»

«ለምን እንደጠራኸኝ አውቃለሁ። አባባ እንዲህ ነበር ዝም ያሰኙት፤ አንተ ጨቅላ ስለነበርክ አታውቅም።»

ይህን ጊዜ አሸናፊ ጉሮሮውን ጠረገ። ተናዷል፤ ጆሮው ቀልቷል። ልጅቷን ሊያስቀናት ፈልጎ መሰለኝ፣ «እንግዲያውስ የኔም መኪና ይጻፋ!» አለ። «አይሱዙው ከነገቢው የአሸናፊ ነው ይባል። ለሷ ከተጻፈ ለኔም ይጻፍ።»

«እሰየው!» አልኩ። «ይህ ነው ደንቡ። ጻፍ ልጄ።»

«ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል» አለች ወይንሸት።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። «መኪናው ይቅር» አሉ አቶ ተክሌ። በጣም ፈጥነው ነው ያሉት።

«ለምን ይቀራል ጋሼ?» አለች ወይንሸት። «ከነገቢው የሱ ይባል፣ እኔ አልፈልገውም።»

«ይቅር አልኩ! የሰው ነገር ዝም ብሎ አይጻፍም።»

«የሰው?»

አሸናፊ አጎቱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። «ከሰርጉ በኋላ በስሜ አዞርልሃለሁ ብለውኝ ነበር» አለ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

«እየከፈልክ አልኩህ እንጂ!» ጮኹ አቶ ተክሌ። «ወፍጮ ያላት ሚስት ስታገባ ከወፍጮው እየቀነስክ ትከፍለኛለህ አልኩህ! እንዲሁ ልስጥህ?»

አንዴ ከአፋቸው ወጣ፤ መልሰው ሊውጡት አልቻሉም። ወንድሜ ሙሉጌታ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ቀረ። ጠላ የተጠነሰሰበት ቤት ነው፣ ሰው ተጠርቷል፣ ድንኳን ተከራይቷል። እኔ ወይንሸትን ነበር የማየው። «አውልቂው ይህን ጉድ» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዝም ያልኩት አማካሪ ሲበዛባት ስለዋለ ነው።

«አሸናፊ» አለችው። «ባለመኪና ነኝ ብለህ አንተ ነገርከኝ ወይስ እሳቸው?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። እኔ... ዝም አልኩ።»

«መኪናው ከሌለህ ምን አለህ?»

«መንጃ ፈቃድ» አለ። ጓደኛዋ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱ ግን ለቀልድ አልተናገረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ወይንሸት እንባውን አየች። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ጻፍ። አሸናፊ መኪና የለውም ብለህ ጻፍ።»

«የሌለ ነገር በውል ይጻፋል እንዴ?» አለ ጸሐፊው።

«ይጻፋል። ምንም እንደሌለው አውቄ፣ ፈቅጄ ነው ያገባሁት በል። ነገ ማንም ተነሥቶ በመኪናችን ነው ያገባናት፣ የመኪናውን ዕዳ ከወፍጮው ትክፈል እንዳይለኝ። እሱ የሚስማማ ከሆነ።»

አሸናፊ እስክሪብቶውን ከጸሐፊው እጅ ተቀብሎ፣ አጎቱን ሳያይ፣ ከወይንሸትም በፊት ፈረመ፤ እሷም ተከትላው ፈረመች። እኔ ብሆን ያን ልጅ አላገባውም ነበር፤ ዝም ማለት የሚችል ወንድ ምን እንደሚያስከትል ከአባቴ ያየሁ ሰው ነኝ። ግን የተጠራሁት ለውሉ እንጂ ለልጁ ምስክርነት አይደለም። መነጽሬን አደረግሁ። እያንዳንዱን መስመር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ «ከነገቢው» ላይ ስደርስ ጣቴን አሳርፌ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ባዶው መስመር ላይ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አቶ ተክሌ ተነሡ። በእኛ አገር ሽማግሌ ተቆጥቶ ሲነሣ እንዲህ በዋዛ አይለቀቅም፤ አንዱ ነጠላውን ይይዛል፣ አንዱ ደጁ ላይ ይቆማል፣ ሴቶቹ «በማርያም!» ይላሉ፣ እሱም ትንሽ ተለምኖ ትንሽ ተጎትቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። አቶ ተክሌም ይህን ያውቃሉ። ነጠላቸውን በቀኝ አጣፉ፣ ፈቱና በግራ አጣፉ። ባርኔጣቸውን አራገፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድሜን አየሁት፤ ሙሉጌታ የልጁን የወይንሸትን ፊርማ ቁልቁል እያየ ነበር። የራሳቸው ምስክሮች እንኳ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። አቶ ተክሌ ጀርባቸውን ሰጥተውን «ተቀመጡ» እስኪባሉ ጠበቁ፤ ደግሞ ጠበቁ። ማንም አላላቸውም።